በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አያገኝም

በቀድሞ ዘመን የአንድ አገር ኀይል የሚለካው በወሰኑ ላይ በቆመው ጦርና በምሽጉ ጽናት ነበር። ጠላትም የሚመጣው በታወቀ መንገድ፥ በሚታይ ሠራዊትና በሚሰማ ነጋሪት ስለ ነበረ፥ ጠባቂው በኰረብታ ላይ ሆኖ አቧራውን አይቶ ለአገሩ ሰው ለመናገር ጊዜ ያገኝ ነበር። በዛሬው ዘመን ግን መብራቱ፥ ውሃው፥ ነዳጁ፥ ባንኩ፥ ስልኩና ሆስፒታሉ ሁሉ በኮምፒዩተር መረብ ተሳስሮ የሚሠራ ስለ ሆነ፥ ጠላት ወሰን ሳይሻገርና ከተቀመጠበት ወንበር ሳይነሣ፥ በሩቅ አገር ሆኖ የአንዲቱን ከተማ መብራት ለማጥፋት ይችላል። ይህን የመሰለውን ጥቃት የዘመኑ ሰዎች የሳይበር ጥቃት ይሉታል፤ ለሕዝብ ኑሮ ዋና የሆኑትንም የመብራት፥ የውሃ፥ የነዳጅ፥ የባንክና የስልክ ሥራዎች ቁልፍ መሠረተ ልማት ብለው ይጠሯቸዋል።

የዚህ ነገር ችግሩ ጠላት የማይታይ መሆኑ ብቻ አይደለም። ከዚያ የሚብሰው፥ የሚጠበቀው ንብረት የአንዱ ሆኖ ጕዳቱ የሁሉ መሆኑ ነው። በብዙ አገር የነዳጁን ቧንቧ የዘረጋውና የመብራቱን ሽቦ የሚያስተዳድረው የነጋዴ ኩባንያ ነው። መንግሥት ወንጀለኛን የሚያሳድድበት ሕግና ኀይል፥ ከሌሎችም መንግሥታት ጋራ የሚነጋገርበት ሥልጣን አለው፤ ነገር ግን የኩባንያው የጓዳ በር መከፈቱንና መዘጋቱን አያውቅም። ኩባንያውም በበኩሉ የቤቱን ማዕዘን ሁሉ ሲያውቅ፥ ሌባው ትናንት በማን ቤት እንደ ገባና ነገ በምን መንገድ እንደሚመጣ የሚያይበት ዐይን የለውም። እንግዲህ ሁለቱ ተለያይተው ቢቆሙ፥ ሌባው በመካከላቸው እንዲያልፍ መንገድ መክፈት ነው። ይህ ነገር ከንቱ ሥጋት እንዳይመስል፥ በዓለም የታየውን የቅርብ ጊዜ ታሪክ መመልከት ይገባል።

በአሜሪካ አገር ኮሎኒያል ፓይፕላይን የሚባል ኩባንያ አለ። ይህ ኩባንያ ከቴክሳስ ግዛት ከሂውስተን ከተማ ተነሥቶ እስከ ኒው ዮርክ ወደብ ድረስ የሚደርስ፥ 8,850 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የነዳጅ ቧንቧ ያስተዳድራል። የአሜሪካ የምሥራቁ ጠረፍ ከሚጠቀምበት ነዳጅ ከመቶው 45 እጅ ያህሉ የሚያልፈው በዚሁ ቧንቧ ነው። በሚያዝያ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2021) ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፥ በመቈጣጠሪያው ክፍል የነበረ አንድ ሠራተኛ በኮምፒዩተሩ ላይ ገንዘብ የሚጠይቅ የዛቻ ጽሑፍ አገኘ። ዳርክሳይድ የተባለ የወንበዴዎች ቡድን በኩባንያው መረብ ውስጥ ገብቶ መዝገቦቹን በምስጢር ጽሕፈት ቆልፎ፥ መክፈቻውን የምሰጠው ገንዘብ ሲከፈለኝ ነው ብሎ ነበር።

አንባቢ በዚህ ላይ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። ወንበዴዎቹ ነዳጁን የሚያንቀሳቅሰውን መሣሪያ አልነኩም፤ የተቆለፈው ሒሳብና ደብዳቤ የሚሠራበት የጽሕፈት ቤቱ ኮምፒዩተር ነበር። ነገር ግን ኩባንያው ክፋቱ ወደ ቧንቧው መቈጣጠሪያ እንዳይዛመት ስለ ፈራ፥ ጧት 12 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ሲሆን ያን ሁሉ ቧንቧ በገዛ እጁ ዘጋው። ወሬው በተሰማ ጊዜ ሕዝቡ ነዳጅ ለመግዛት ተሽቀዳደመ። በደቡብ ምሥራቅ ባሉት ግዛቶች ብዙዎቹ የነዳጅ ማደያዎች ባዶ ሆኑ፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ሰዎች ቤንዚን በላስቲክ ከረጢት እንዳይሞሉ እስከ መምከር ደረሰ። ቧንቧው እንደ ገና መሥራት የጀመረው በግንቦት 4 ቀን ነው።

ሌባው የገባበት በር ሲመረመር፥ ሠራተኞች ከሩቅ ሆነው ወደ ኩባንያው መረብ የሚገቡበት፥ ቈይቶ ከጥቅም ውጭ የሆነ ነገር ግን ሳይዘጋ የተረሳ አንድ መግቢያ ሆኖ ተገኘ። ያ መግቢያ ከአንድ የይለፍ ቃል በቀር፥ የገባው ሰው እውነተኛው ባለቤት መሆኑን የሚያረጋግጥ ሁለተኛ መፈተኛ አልነበረውም። የብዙ ሚሊዮን ሰዎች ነዳጅ የተቋረጠው ባለቤቱ በረሳው በአንድ ትንሽ በር ምክንያት ነው ማለት ነው።

ኩባንያው ለወንበዴዎቹ 75 ቢትኮይን ከፈለ፤ ይህም በዚያን ጊዜ ዋጋ 4.4 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። ዋና ሥራ አስኪያጁ ጆሴፍ ብላውንት በኋላ በአሜሪካ ሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ፊት ቀርበው ውሳኔው እጅግ የከበዳቸው እንደ ነበረ ተናግረዋል። መክፈሉ መልካም ነው ወይስ ክፉ ነው የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አላለቀም፤ ሌባን የሚያጠግብ ሌባን ያበዛል የሚሉ ሰዎች ቃላቸው እውነት አለበት። ነገር ግን ኩባንያው አንድ የሚመሰገንበት ሥራ ሠርቷል። ነገሩን ሳይሸሽግ በዚያው ቀን ለፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ ነገረ፤ መርማሪዎቹም የገንዘቡን መንገድ ተከትለው በግንቦት 30 ቀን 63.7 ቢትኮይን መያዛቸውን አስታወቁ። የቢትኮይን ዋጋ በመካከሉ ወድቆ ስለ ነበረ የተመለሰው ገንዘብ 2.3 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሆነ። ሆኖም ኩባንያው አፍሮ ዝም ብሎ ቢሆን ኖሮ፥ ከዚህ አንዲት ሳንቲም እንኳ ባልተመለሰ ነበር።

በመንግሥትም በኩል ጕድለት ነበረ። የነዳጅ ቧንቧዎችን ጸጥታ እንዲመለከት የተሾመው የትራንስፖርት ጸጥታ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ለኩባንያዎቹ የሚሰጠው ምክር በውዴታ የሚፈጸም እንጂ ግዴታ አልነበረም። የአሜሪካ የመንግሥት ሥራ ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2011 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 2018) ባወጣው ራፖር እንደ ገለጠው፥ በዚያ መሥሪያ ቤት ውስጥ የቧንቧ ጥበቃ ክፍል ሠራተኞች ቍጥር በአውሮፓውያን የበጀት ዓመት በ2014 ወደ አንድ ሰው ዝቅ ብሎ ነበር። ያን ያህል ርዝመት ያለውን ቧንቧ ሁሉ የሚመለከት አንድ ሰው ብቻ ማድረግ ጥበቃ ሊባል አይችልም። ከጥቃቱ በኋላ ግን በዚያው በግንቦት ወር ትእዛዝ ወጥቶ፥ ዋና ዋናዎቹ የቧንቧ ኩባንያዎች ጥቃት ሲደርስባቸው በ12 ሰዓት ውስጥ ለመንግሥት እንዲያስታውቁና ሌሊትም ቀንም የሚገኝ አንድ ኀላፊ እንዲሾሙ ተደረገ። ጅብ ከሄደ በኋላ ውሻ ጮኸ ቢባልም፥ ጅቡ ተመልሶ የሚመጣ ስለ ሆነ ጩኸቱ ከንቱ አይደለም።

እስከዚህ የተነገረው ገንዘብ ስለሚፈልግ ወንበዴ ነው። ከዚህ የሚከፋው ግን በመንግሥት ትእዛዝ የሚሠራ፥ ገንዘብ ሳይሆን ጥፋት የሚፈልግ ጠላት ነው። የዚህም ምሳሌ በዩክሬን አገር ታይቷል።

በታኅሣሥ 13 ቀን 2008 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 2015) ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ፥ በምዕራብ ዩክሬን በሚገኝ አንድ የመብራት ኩባንያ ውስጥ ሠራተኞቹ እጃቸውን ሳያንቀሳቅሱ፥ በኮምፒዩተራቸው ላይ ያለው ጠቋሚ ምልክት በራሱ ሲሄድና የመብራቱን ማቋረጫዎች አንድ በአንድ ሲከፍት አዩ። ሊከለክሉት ቢሞክሩ መግቢያው ተዘግቶባቸው ነበር። በዚያን ቀን ሦስት የመብራት ማከፋፈያ ኩባንያዎች ተጠቅተው፥ 225,000 ያህል ደንበኞች በታኅሣሥ ብርድ ያለ መብራት ቀሩ። አጥቂዎቹ ደንበኞች ስለ መብራቱ መጥፋት እንዳይጠይቁ የኩባንያዎቹን የስልክ መስመር በሐሰተኛ ጥሪ አጨናንቀውት ነበር። ይህ በሳይበር ጥቃት ምክንያት የመብራት አገልግሎት መቋረጡ በይፋ የታወቀበት የመጀመሪያው ጊዜ ነው።

ይህ ሁሉ የመጣው በአንድ ቀን አይደለም። ከብዙ ወር በፊት ከታመነ ሰው የተላከ የሚመስል የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ለኩባንያዎቹ ሠራተኞች መጥቶ፥ አንዳንዶቹ ተያይዞ የመጣውን ጽሑፍ ከፍተውት ነበር። ጠላት በዚያ በር ገብቶ፥ ሠራተኞቹ ሲሠሩ እያየ፥ የይለፍ ቃላቸውን እየሰበሰበ፥ ቤቱን ከባለቤቱ እኩል እስኪያውቅ ድረስ ወራት ሙሉ ተቀመጠ። ኩባንያዎቹ በዚያ ጊዜ የታያቸውን ትንሽ ምልክት እርስ በርሳቸውና ለመንግሥት ቢነጋገሩ፥ ምናልባት የአንዱ ጥርጣሬ ለሌሎቹ ማስጠንቀቂያ በሆነ ነበር። አገሩን ያዳነው የቀድሞው ሙያ ነበር፤ ሠራተኞቹ በመኪና ወደየጣቢያው ሄደው ማቋረጫዎቹን በእጃቸው ስለ መለሱ፥ መብራቱ ከ1 እስከ 6 ሰዓት በሚሆን ጊዜ ውስጥ ተመለሰ። ሥራውን ሁሉ ለኮምፒዩተር ሰጥቶ የእጁን ሙያ የረሳ አገር ቢሆን ኖሮ ጨለማው በረዘመ ነበር።

ከዚያ በኋላ በሰኔ 20 ቀን 2009 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 2017) ኖትፔትያ የተባለው አጥፊ ፕሮግራም፥ የዩክሬን ነጋዴዎች ግብር ለማስታወቅ በሚጠቀሙበት የሒሳብ ፕሮግራም ተሸሽጎ ገባ፤ ነገር ግን በዩክሬን ወሰን ውስጥ አልቆመም። በዓለም ሁሉ ዕቃ የሚያመላልሰው ማርስክ የተባለው የዴንማርክ የመርከብ ኩባንያ መረቡ በሙሉ ስለ ጠፋበት፥ 4,000 ሰርቨሮችንና 45,000 ኮምፒዩተሮችን እንደ ገና መጫን ግዴታ ሆነበት፤ ጕዳቱም ከ250 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ኩባንያው አስታወቀ። የመረቡ ዋና መዝገብ ቅጂዎች በየአገሩ ሁሉ ጠፍተው፥ ሳይነካ የተገኘው በጋና አገር የነበረው አንዱ ብቻ ነው፤ ያም የዳነው ጥቃቱ በመጣ ሰዓት በጋና መብራት ጠፍቶ ከመረቡ ተለያይቶ ስለ ነበረ ነው። እንዲህ ያለ ትልቅ ኩባንያ በአፍሪካ በአንድ ጽሕፈት ቤት መብራት በመጥፋቱ መዳኑ የሚያስደንቅ ነው፤ ዳግመኛ ግን በዕድል ላይ ተደግፎ ለመኖር አይቻልም። ከመረቡ ተለይቶ የሚቀመጥ ቅጂ አስቀድሞ በዕቅድ መዘጋጀት አለበት።

የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር በጥቅምት ወር 2013 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 2020) ስድስት የሩስያ ወታደራዊ ስለላ መኰንኖችን በእነዚህ ጥቃቶች ከሰሰ፤ የሩስያ መንግሥት ግን እጁ እንዳለበት ክዷል።

እንግዲህ የትምህርቱ ዋና ፍሬ በ2014 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 2022) ታየ። ጦርነቱ ተጀምሮ ሳለ በመጋቢት 30 ቀን፥ ያው አጥቂ በአንድ የዩክሬን የመብራት ኩባንያ ላይ ከቀድሞው የተሻሻለ የጥፋት መሣሪያ አዘጋጅቶ፥ መብራቱ በማታ እንዲቋረጥ ሰዓቱን ቀጥሮ ነበር። በዚህ ጊዜ ግን ኩባንያው ብቻውን አልነበረም። የዩክሬን መንግሥት የኮምፒዩተር አደጋ ተከላካይ ክፍል፥ ዋና ጽሕፈት ቤቱ በስሎቫኪያ የሚገኘው ኢሴት የተባለው የጥበቃ ኩባንያና ማይክሮሶፍት በአንድነት ሆነው፥ አንዱ ያየውን ለሌላው እየነገረ መሣሪያውን መርምረው ጥቃቱን አከሸፉት። የዩክሬን ባለሥልጣኖች እንደ ተናገሩት፥ ጥቃቱ ተሳክቶ ቢሆን ኖሮ 2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መብራት ባጡ ነበር። አገሩ ያው ነው፤ ጠላቱም ያው ነው። በ2008 ዓ.ም. የወደቀው በ2014 ዓ.ም. የቆመው ግን፥ መንግሥትና ኩባንያ የሚያውቁትን በአንድ ገበታ ላይ ማቅረብ በመልመዳቸው ነው።

ይህን የመሰለ መተባበር መልካም መሆኑን በአፍ የማይመሰክር የለም። ታዲያ ሁሉ የሚያመሰግነው ነገር ስለ ምን በብዙ አገር በሥራ አይታይም? ምክንያቱ ግልጥ ነው። ኩባንያው የደረሰበትን ጥቃት ቢናገር ደንበኞቹ እንዳይሸሹት፥ ተወዳዳሪዎቹ እንዳይሣለቁበት፥ የአክሲዮኑ ዋጋ እንዳይወድቅ፥ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ የተናገረው ቃል ተመልሶ ክስ እንዳይሆንበት ይፈራል። መንግሥትም የሰበሰበውን የስለላ ወሬ ምስጢር ነው እያለ በሣጥን ቆልፎ ያስቀምጠዋል፤ ወይም የሚነግረው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። ሁለቱም የሚፈሩት በከንቱ አይደለም። ነገር ግን የሁለቱ ፍርሀት አንድ ላይ ሲደመር ለሌባው መጋረጃ ይሆንለታል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አያገኝም ተብሎ የተተረተው ለሰው ገላ ብቻ ሳይሆን ለእንዲህ ያለውም ነገር ነው፤ በዚህ ላይ ደግሞ በሽታው ተላላፊ ነው።

የአሜሪካ መንግሥት በ1990 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 1998) በፕሬዚዳንት ክሊንተን ትእዛዝ፥ በየሥራው ዓይነት ያሉ ኩባንያዎች የአደጋ ወሬ የሚለዋወጡበት ማዕከል እንዲያቋቁሙ መክሮ ነበር፤ የባንኮቹም ማዕከል በተከታዩ ዓመት ተቋቋመ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 2018) ደግሞ የሳይበርና የመሠረተ ልማት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። በመጋቢት 2014 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 2022) የወጣው ሕግ ከዚህ አንድ ርምጃ አልፎ፥ ቁልፍ መሠረተ ልማት የሚያስተዳድሩ ኩባንያዎች ከባድ ጥቃት መድረሱን ባመኑ በ72 ሰዓት ውስጥ፥ የማስለቀቂያ ገንዘብ የከፈሉ እንደ ሆነ ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያስታውቁ ደነገገ፤ ዝርዝሩንም መሥሪያ ቤቱ በደንብ እንዲወስን አዘዘ። በዚሁ ሕግ ውስጥ ካለው ግዴታ ይልቅ የሚደነቀው ግን ግዴታውን የተከተለው መከለያ ነው። ኩባንያው በራፖሩ የጻፈው ቃል ለክስ ምክንያት እንዳይሆንበት፥ ተቈጣጣሪውም መሥሪያ ቤት በዚያ ራፖር ብቻ ተደግፎ እንዳይቀጣው ሕጉ ይከለክላል። ተናገር ብሎ ማዘዝ ቀላል ነው፤ የተናገረውን መጠበቅ ግን የሕግ አውጪውን ብልኀት ይጠይቃል።

ይህ ጥበብ ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። በባላገሩ ልማድ አፈርሳታ ወይም አውጫጪኝ የሚባል ሥርዓት ነበረ። ወንጀለኛው ሳይታወቅ ከብት የተሰረቀ ወይም ቤት የተቃጠለ እንደ ሆነ፥ የአካባቢው ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ ያየውንና የሰማውን ያወጣ ነበር። አንዱ በሌሊት የውሻ ጩኸት ሰምቷል፤ ሁለተኛው የማያውቀውን እንግዳ በመንገድ አይቷል፤ ሦስተኛው በእርሻው ላይ የእግር ዱካ አግኝቷል። እያንዳንዱ የያዘው ነገር ለብቻው ሲታይ ምንም አይደለም፤ በአንድነት ሲቀርብ ግን ሌባውን እስከ ደጁ ያደርሳል። ይሁን እንጂ ሥርዓቱ ጕድለትም ነበረበት። ወንጀለኛው ያልተገኘ እንደ ሆነ የአካባቢው ሰው በሙሉ ዕዳውን እንዲከፍል ይደረግ ስለ ነበረ፥ ንጹሑ ከበደለኛው ጋራ ይቀጣ ነበር። ለዛሬው ዘመን የሚያስፈልገው መሰብሰቡንና መነጋገሩን ወስዶ፥ የንጹሑን ቅጣት መተው ነው።

የኢትዮጵያ መንግሥት በዚህ ረገድ ባዶ እጁን አይደለም። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት መሥሪያ ቤት በ1999 ዓ.ም. ተቋቁሟል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958 በቁልፍ መሠረተ ልማት ላይ በሚደረገው ወንጀል ቅጣቱን አክብዷል፤ አገልግሎት ሰጪዎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ወንጀል መሠራቱን ሲያውቁ ወዲያው እንዲያስታውቁ አዟል። በሰኔ ወር 2012 ዓ.ም. የዐባይ ግድብ የመጀመሪያ ሙሌት በቀረበበት ጊዜ፥ መሥሪያ ቤቱ መነሻቸው ግብጽ የሆኑ ቡድኖች በኢትዮጵያ የመንግሥት ድረ ገጾች ላይ የሞከሩትን ጥቃት ማክሸፉን አስታውቆ ነበር። ያ ግድብ ዛሬ በጳጕሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ፥ 5,150 ሜጋዋት ለማመንጨት የሚችል የአገር ሀብት ሆኗል። ሀብቱ በጨመረ መጠን የሚመኘው ጠላት መጨመሩ የታወቀ ነው።

ዳግመኛም የአገሪቱ ኑሮ በመረብ ላይ የሚያርፈው ከዓመት ወደ ዓመት እየበዛ ነው። የኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብር ሥራውን የጀመረው በግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም የአሜሪካው ቧንቧ ተዘግቶ በነበረበት በዚያው ሳምንት ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት የስልክ ሥራ ሁሉ በመንግሥት እጅ ብቻ ሳለ፥ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ገብቶበታል። መሠረተ ልማቱ ሁሉ የመንግሥት በሆነ ጊዜ መተባበር ማለት ሹም ለሹም የሚጽፈው ደብዳቤ ነበር፤ አሁን ግን ባለቤቱ ብዙ ሲሆን፥ መተባበርም በሕግና በመተማመን የሚሠራ ሌላ ሙያ ሆኗል። በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አንድ ሌሊት የደረሰው የአሠራር ስሕተት፥ ባንኩ እንዳስታወቀው የሳይበር ጥቃት አልነበረም። ነገር ግን ሳይነጋ ብዙ ሰዎች የራሳቸው ያልሆነ ገንዘብ እስኪያወጡ ድረስ ወሬው በስልክ መዛመቱ፥ ያለ ጠላት እንኳ አንድ ስሕተት በመረብ ላይ ምን ያህል እንደሚፈጥን አሳይቷል። ክፋት ሲጨመርበት ምን ሊሆን እንደሚችል ከዚህ መገመት አያስቸግርም።

ስለዚህ ለሁሉም የየድርሻው ሥራ አለው። መንግሥት አደጋ የደረሰበት ኩባንያ ሌሊትም ሆነ ቀን የሚጮኽበትን አንድ የታወቀ በር ማዘጋጀት፥ ያወቀውንም የጠላት መንገድ ምስጢሩን ጠብቆ ነገር ግን ጊዜው ሳያልፍ ለባለ ሥራዎቹ መንገር ይገባዋል። ቅጣቱም በሚሸሽገው ላይ እንጂ ፈጥኖ በሚናገረው ላይ አይሁን። ትልቁ ባንክ ራሱን የሚጠብቅበት ገንዘብ ሲኖረው፥ የአነስተኛ ከተማ የውሃ አገልግሎት ወይም የገጠር ሆስፒታል የለውም፤ ሰንሰለት የሚበጠሰው ደግሞ በደካማው ቀለበቱ በኩል ስለ ሆነ፥ ለነዚህ የሚደረገው እርዳታ ለሁሉ እንደ ተደረገ መቈጠር አለበት።

ኩባንያዎችም የጥበቃውን ወጪ እንደ ኪሣራ ማየታቸውን ይተዉ። የተረሳው በር ይዘጋ፤ ለይለፍ ቃሉ ሁለተኛ ማረጋገጫ ይጨመርለት፤ የመዝገቡ ቅጂ ከመረቡ ተለይቶ ይቀመጥ፤ ሠራተኛውም ኮምፒዩተሩ ቢቆም ሥራውን በእጁ የሚሠራበትን ሙያ አይርሳ። የማያውቀው ደብዳቤ ሲመጣለት ሳይከፍት የሚጠይቅ ሠራተኛ በበሩ ከሚቆመው ዘበኛ ያላነሰ ጠባቂ ነው። ተሳስቶ የከፈተው እንደ ሆነ ደግሞ ወዲያው ለአለቃው ለመናገር እንዳያፍር፥ አለቃው ቍጣውን መግታት ይኖርበታል፤ በቤት ውስጥ የሚፈራ እውነት ከቤት ውጭ ሊነገር አይችልምና። መንግሥትና ኩባንያዎችም በሰላሙ ጊዜ በዓመት በዓመት እየተገናኙ፥ መብራት ቢጠፋ ማን ለማን እንደሚደውል፥ ማን ምን እንደሚዘጋ፥ ለሕዝቡም ምን እንደሚነገር መለማመድ ይገባቸዋል። በጨለማ ውስጥ ስልክ ቍጥር መፈለግ ዘግይቶ መጀመር ነው።

አባቶች ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብለዋል። ድሩ ግን የሚያብረው አንዱ ክር የተበጠሰበትን ስፍራ ለሌላው ሲያሳይ ነው። ዛሬ በአንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ የታየ ትንሽ እንግዳ ነገር ዛሬውኑ ቢነገር፥ ነገ በሌላው ከተማ በቀዶ ሕክምና ክፍል ያለው በሽተኛ መብራት ሳይጠፋበት ይውላል።